የመቅደላው ልጅ
የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እውነተኛ ታሪክ

ክፍል አንድ፦ ስሙ ያልታወቀው ምርኮ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ መቅደላ ተሰበረች። ከሦስት ቀን በፊት፣ በስቅለት ዕለት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት እሮጌ ሜዳ ላይ በሮኬትና ከኋላው በሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ረግፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ወደቁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ዝርፊያ ነው። ብራናው፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱ ሳይቀር ከአምባው ወረደ። ደላንታ ላይ ጨረታ ተጠርቶ ምርኮው ተቸበቸበ።

ጨረታ ላይ ያልቀረቡ ሁለት ልጆች ግን ከሠራዊቱ ጋር ወደ ባሕር ወረዱ።

የአንደኛውን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። እናቱ በዚያው ጉዞ መንገድ ላይ ሞቱበት። እንግሊዝ ሲደርስ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ጋዜጣ ጻፈለት። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ በሕመም አለፈና ዊንድሶር ተቀበረ። እስከ ዛሬ አጽሙ ይመለስልን እያልን የምንጠይቀው እሱን ነው።

ሁለተኛውን ልጅ ያኔ የጠየቀው አልነበረም። ዕድሜው ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው። ከጎንደር ተነሥቶ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነበር፤ በዚያ ትርምስ ውስጥ ወላጆቹን ያጣ። የንጉሥ ልጅ ስላልሆነ ማንም አልመዘገበውም። ቻርልስ ቻምበርሌን የተባለ ኮሎኔል አገኘውና ይዞት ወደ ህንድ ተመለሰ። ናፒየር ያዘመተው ሠራዊት አብዛኛው ከህንድ የመጣ ነበርና የልጁም መንገድ ወደዚያው ሆነ።

ኮሎኔሉ ብዙ አልቆየም፤ ሞተ። ልጁን የማስተማሩን ወጪ ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል ተረከበ። እናም ልጁ ከመጀመሪያው አሳዳጊው ቻርልስን፣ ከሁለተኛው ማርቲንን ወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። አምሪትሳር በሚገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ። አማርኛው ከአፉ ጠፋ። ከየት እንደመጣ የሚያውቀው አሳዳጊዎቹ የነገሩትን ያህል ብቻ ነበር፤ ሐበሻ መሆኑንና ከመቅደላ መወሰዱን።

ትምህርቱ ግን ገባው። ላሆር ሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1874 ዓ.ም. አካባቢ ተመረቀ። ቀጥሎ ስኮትላንድ ተሻግሮ በሙያው የሚያሠራውን የእንግሊዝ ፈቃድ አገኘ። ከዚያ በኋላ ዶክተር ማርቲን እያልን በአክብሮት እንጥራቸው፤ የመንግሥት ሐኪም ሆነው በርማ ተመድበዋልና። በርማ ያን ጊዜ ገና አዲስ የተያዘች የእንግሊዝ ግዛት ነበረች። ደመወዙ ጥሩ፣ ሥራው የተረጋጋ፣ ጡረታው የተረጋገጠ ነው። አንድ የቅኝ ግዛት ሐኪም እስኪያረጅ ድረስ በዚያ ወንበር ተቀምጦ ቢኖር የሚነቅፈው አልነበረም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነው ነገር በርማ ድረስ ተሰማ። አንድ የአፍሪካ ንጉሥ የአውሮፓን ጦር አሸነፈ። ዶክተር ማርቲን የሚያገለግሉት መንግሥት ጋዜጦች ሳይቀሩ ስለ ምኒልክ ይጽፋሉ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ትዝታ ተቀሰቀሰ። ሐኪሙ ፈቃድ ወስደው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በዘይላ በኩል ወደ ሐረር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ዘለቁ። ዘመኑ የ1890ዎቹ መግቢያ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ ማየት ጀመሩ። ከተማው ተገረመ። መልኩ የእኛ፣ አለባበሱ የፈረንጅ፣ አንደበቱ ያለ አስተርጓሚ የማይሠራ ሐኪም መጣ! እንግሊዝ የላከው ሰላይ ነው ያለ ነበር። አይደለም፣ ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ነው ያለም ነበር። ወሬው ከድንኳኑ ወጥቶ ገበያ ገባ፤ ከገበያ ተነሥቶ አገር አቋረጠ።

በዚያን ዘመን ሰው የሚታወቀው በወረቀት ሳይሆን በዘሩ ነው። የማን ልጅ ነህ ሲባል አባትና አያት ቆጥሮ መመለስ ያሻል። ዶክተር ማርቲን የሚቆጥሩት አባት አልነበራቸውም። አንድ ያሳደጋቸውና አንድ ያስተማራቸው ሁለት የእንግሊዝ ኮሎኔሎች ብቻ ነበሯቸው።

ወሬው ግን አንዲት አሮጊት ጆሮ ደረሰ። እኒህ ሴት በመቅደላው ዓመት የጠፋ የልጅ ልጅ ነበራቸው። ተነሥተው መጡና ሐኪሙ የኔ ነው አሉ። ሲጠየቁ ማስረጃቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ የጠፋው ሕፃን ገላ ላይ የሚያውቁት ጠባሳ አለ። ሐኪሙ ልብሱን ይክፈት አሉ።

(ሳምንት ይቀጥላል)


ክፍል ሁለት፦ የታመመው ንጉሥ

ባለፈው ሳምንት ያቆምነው ሐኪሙ ገላቸውን እንዲያሳዩ በተጠየቁበት ቦታ ነበር።

ጠባሳው ተገኘ። አሮጊቷ ባሉት ቦታ፣ ባሉት ዓይነት። የሰው ገላ ሲመረምሩ የኖሩት ሐኪም በገዛ ገላቸው ታወቁ። አያቲቱ የልጅ ልጃቸውን የልደት ስም ነገሯቸው፤ ወርቅነህ። የአባታቸውንም ስም ነገሯቸው፤ እሸቴ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቻርልስ ማርቲን ሲባል የኖረው ሰው ዘር የሚቆጥርበት ስም አገኘ። አገሩም ሐኪም ወርቅነህ ይላቸው ጀመር።

ታዲያ ተመልሰው ቀሩ ማለት አይደለም። ቀጣሪያቸው የእንግሊዝ መንግሥት ነውና ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ሄዱ። እንግሊዝና ኢትዮጵያ በሶማሌ ምድር በአመፁ መሪ በሰይድ መሐመድ ላይ ሲተባበሩም ከኢትዮጵያ ጦር ጋር በሐኪምነት ዘምተዋል። እንደገና ወደ በርማ። በ1900 ዓ.ም. ግን ከምን ጊዜውም በከበደ ቦታ ተመለሱ፤ አዲስ አበባ ባለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት።

ክብደቱን ለመረዳት የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት ማየት ያስፈልጋል። ዐፄ ምኒልክ ታመዋል። ሕመሙ እየደጋገመ ይመታቸዋል፤ በ1902 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የመጣው ከሁሉ የከፋ ሆኖ አንደበታቸውንና አካላቸውን ያዘ። ግንቦት 1901 ላይ ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆናቸው ታውጆ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአልጋው ዙሪያ ሆነው ሹመት ይሰጣሉ፣ ይሽራሉ። መኳንንቱ ይዶልታሉ። የየአገሩ ሌጋሲዮን ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ንጉሡ ስንት ጊዜ ይቆያሉ?

ጥያቄው ባዶ ጉጉት አልነበረም። ታኅሣሥ 1899 ላይ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ለንደን ተቀምጠው አንድ ውል ተፈራርመዋል። በአፉ የኢትዮጵያን ነፃነት እናክብር ይላል፤ በሆዱ ምኒልክ ያለፉ እንደሆነ የማን ጥቅም በየትኛው በኩል እንደሚሆን ይደለድላል። ዓባይና ጣና በእንግሊዝ በኩል፣ የባቡሩ መስመር በፈረንሳይ በኩል፣ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኘው ምድር በኢጣልያ በኩል። የውሉ መክፈቻ ቁልፍ የአንድ ሰው ሞት ነው። ያንን ሰው ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ ናቸው፤ ደመወዛቸውን የሚከፍለውም ከፈራሚዎቹ አንዱ ነው።

በሁለት ቢላዋ የሚበላ የሚባለው እንዲህ ያለ ሰው ነው። እንግሊዞቹ ሐበሻነቱ እንዳያሸንፈው ይሰጋሉ፤ ሐበሻው ደግሞ የፈረንጅ ደመወዙን ይቆጥርበታል። ሐኪሙ የሚያውቁት የሕመምተኛ ምስጢር ለአንዱ ወገን የመንግሥት ምስጢር፣ ለሌላው ወገን የሥልጣን መሰላል ነው።

በዚህ መሀል ቤተ መንግሥቱን ያናወጠ ነገር ተፈጠረ። ሽታይንኩህለር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሡ የታመሙት በመርዝ ነው ብሎ ተነሣ። ያ ማለት በአልጋው አጠገብ ያለው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው፤ ምግብ ያቀረበው፣ መድኃኒት የቀመመው፣ እቴጌይቱም ጭምር። ነገሩ በጀርመናዊው መባረር አበቃ። ወሬው ግን ከሰውዬው ጋር አልሄደም፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ አልጋ አጠገብ ጠብታ መድኃኒት ማንጠባጠብ ለየትኛውም ሐኪም ነፍስን ማስያዝ ሆነ።

መጋቢት 1902 ላይ እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ተገፉ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ አረፉ። ሐኪም ወርቅነህ በዚያው ዓመት መባቻ ግድም ወደ በርማ ተመልሰው ነበር። በእነዚህ ዓመታት ከወይዘሮ ቀጸላ ጋር ትዳር ይዘዋል፤ ቤተሰባቸው በሁለት አገር መካከል ይመላለሳል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት አልቆ ጡረታቸውን ሲያስከብሩ ግን ለሦስተኛ ጊዜ መምረጥ ነበረባቸው። ስኮትላንድ ያስተማራቸው፣ ህንድ ያሳደገቻቸው፣ በርማ ያስረጀቻቸው ሰው አዲስ አበባን መረጡ። የእንግሊዝ ጡረታ በኪሳቸው ይዘው የኢትዮጵያ አገልጋይ ሆኑ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን እንዲህ ያለውን ሰው ሲፈልጉ ኖረዋል። አገሪቱ መስከረም 1916 ላይ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድ ነገር በጄኔቫ ፊት ያሳፍራት ነበር፤ ሐኪሙ ነፃ ለወጡ ባሪያዎች የተከፈተውን ትምህርት ቤት ያዙ። ሚያዝያ 1917 ላይ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊው እሳቸው ሆኑ። የውጭ ዜጋና ኢትዮጵያዊ የሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት ላይም በዳኝነት ተቀመጡ። የሕክምናው ሣጥን ቀስ በቀስ ወደ ጥግ ተገፋ።

በ1920 ዓ.ም. መግቢያ ወራት ላይ አልጋ ወራሹ ለሐኪሙ የሰጡት ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ወዴት እንደሚሄዱ በአደባባይ አልተነገረም። ለንደን የሰማችው ከኒው ዮርክ ጋዜጦች ነው። ስትሰማም ደነገጠች።

(ሳምንት ይቀጥላል)


ክፍል ሦስት፦ ጣና በኒው ዮርክ

ለንደንን ያስደነገጠው ወሬ ይህ ነው። ዶክተር ማርቲን የተባሉ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ኒው ዮርክ ገብተው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ግድብ ስለመሥራት እየተነጋገሩ ነው። ጋዜጦቹ ወጪውን ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር አደረሱት።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በዓባይ፣ በጣና ወይም በሶባት ላይ የውሃውን መፍሰስ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ ላይሠሩ፣ እንዲሠራም ላይፈቅዱ ቃል ገብተዋል። እንግሊዝ በዚህች አንቀጽ ላይ ብዙ ሠራች። ሱዳን ውስጥ ገዚራ በሚባለው ሜዳ ለላንክሻየር ፋብሪካዎች የሚሆን ጥጥ ልታለማ የሰናርን ግድብ ሠርታ በ1917 ዓ.ም. ጨርሳለች። ጥጡ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው በበጋ ይቀንሳል። ጣና መውጫ ላይ ቢገደብ ክረምት ያጠራቀመውን በበጋ እየለቀቀ ዓመቱን ሙሉ ያጠጣል። ስለዚህ እንግሊዝ ግድቡን ጠልታ አይደለም፤ ግድቡን የምትሠራውም የምትቆጣጠረውም እሷ እንድትሆን ፈልጋ ነው።

ኢትዮጵያ እምቢ ብትላት ከሙሶሊኒ ጋር ተመካከረች። ታኅሣሥ 1918 ላይ ሁለቱ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ኢጣልያ በጣና ጉዳይ እንግሊዝን ትደግፋለች፣ እንግሊዝ ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን በሚያገናኝ የኢጣልያ ባቡር ጉዳይ ኢጣልያን ትደግፋለች። ባለቤቲቱ ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ሰኔ 1918 ላይ ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡና ሁለቱን ኃያላን በአባል አገሮች ፊት አሳጧቸው። ኃያላኑ ማንንም ልናስገድድ አላሰብንም ብለው ማስተባበል ግድ ሆነባቸው።

አልጋ ወራሹ ግን በአቤቱታ ብቻ አልቆሙም። ውሉ ከእንግሊዝ ጋር ተስማሙ ይላል እንጂ እንግሊዝ ትሥራው አይልም። ታዲያ ኢትዮጵያ ራሷ ሠሪ ብትመርጥስ? በአካባቢው ቅኝ ግዛት የሌላት፣ ገንዘብና መሐንዲስ ያላት አገር አሜሪካ ናት። ይህንን ለመደራደር የእንግሊዝን ልማድ ከውስጥ የሚያውቅ፣ የውል ቋንቋ የማያደናግረው ሰው ያስፈልጋል። ያም ሰው እንግሊዝ ራሷ ያሳደገችው የመቅደላ ልጅ ሆነ።

ለንደን ውስጥ ቅሬታው ሁለት እጥፍ ነበር። አንደኛው የውሉ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጡረታ የምንከፍለው፣ የኛ ትምህርት ያነጸው ሰው እንዴት በኛ ላይ ይዞራል የሚለው ነው። እሳቸው ግን ያደረጉት ማንም የሌጋሲዮን ሰው ለአገሩ የሚያደርገውን ነው።

በዚያው ጉዞ ሃርለም ሄደው ለጥቁር አሜሪካውያን ጥሪ አቀረቡ። መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ ባለሙያው ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ቢሠራ ቦታ አለው አሉ። በገዛ አገሩ በቆዳው ቀለም ምክንያት በር ለሚዘጋበት ሰው የነፃ ጥቁር መንግሥት መልእክተኛ ይህን ሲናገር መስማት ተራ ነገር አልነበረም።

ግድቡስ? ድርድሩ ቀጠለ፣ የኩባንያው መሐንዲሶች መጥተው ሐይቁንና መንገዱን አጠኑ። የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ፤ ከዚያ ጦርነት መጣ። በዚያ ዘመን ግድቡ ሳይሠራ ቀረ። ዓባይን በራስ ሠሪ፣ በራስ ምርጫ ለመገደብ የተደረገው ሙከራ ግን ስንት ዕድሜ እንዳለው አንባቢ ከዚህ ይቁጠር።

ሐኪሙ ሲመለሱ የጠበቃቸው ግዛት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡበት ጊዜ ወዲህ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ፤ ማዕረጋቸውም አዛዥ። ከተማው ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ይባል ነበር። ከሳቸው በፊት ያንን አገር ያቀኑት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አጋጣሚው ይገርማል። ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው ያደጉ፣ ወርቅነህ ህንድ ያደጉ። አንዱ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ሌላው በውጭ ውል የተደራደሩ።

ጨርጨር የቡና አገር ነው፤ የምድር ባቡሩም በቆላው በኩል ያልፋል። በዚያ ላይ አዲሱ መንግሥት አንድ አውራጃ እንዴት በዘመናዊ ሥርዓት እንደሚተዳደር ለማሳየት ፈለገ። አዛዥ ወርቅነህ ግብሩን መልክ ለማስያዝ፣ መንገድ ለማውጣት፣ ትምህርት ቤት ለመክፈት ተነሡ። ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶችን ሰብስበው በየሥራው አሰማሩ። ከላይ የተሾመ ሁሉ ከገበሬው ጉልበት የሚበላበት ልማድ በአንድ ጊዜ አይነቀልም፤ ቢሆንም ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ ተብላ ትጠቀስ ጀመር።

ምሳሌው ለመብሰል ጊዜ ያስፈልገው ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ከኢጣልያ ጦር ጋር ተኩስ ተከፈተ። ሙሶሊኒ ሲፈልገው የነበረውን ሰበብ አገኘ። በመርከብ በመርከብ ጦር ወደ ምጽዋ ይጎርፍ ጀመር።

ንጉሠ ነገሥቱ ሁለት ሰው ወደ ውጭ ላኩ። ጄኔቫ ላይ እንዲሟገቱ ተክለ ሐዋርያትን፣ ለንደን ላይ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር እንዲሆኑ ወርቅነህን። ሁለቱም የጨርጨር ገዥ የነበሩ፣ ሁለቱም የሰው አገር ያሳደጋቸው።

ሐኪሙ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ ኢትዮጵያ ለመከላከያዋ ጠመንጃ በገንዘቧ ትግዛ። ለንደን ደርሰው ደጁን ሲያንኳኩ ግን እንግሊዝ መልሷን አስቀድማ ወስናለች።

(ሳምንት ይቀጥላል)


ክፍል አራት፦ የለንደን ክረምት

መልሱ ክልከላ ነበር። እንግሊዝ ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ እንዲሸጥ ፈቃድ አልሰጥም አለች። ሚዛኑ እኩል ይመስላል። ነገር ግን ኢጣልያ መድፉንም ታንኩንም አውሮፕላኑንም በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ጥይት ሳይቀር ከውጭ ታስመጣለች። እኩል ክልከላ የታጠቀውን አይነካም፤ ያልታጠቀውን ያስገድለዋል። አዛዥ ወርቅነህ በዚያ የሐምሌ ወር የደረሰባቸው ይህ ነው።

ግራ የሚያጋባው የለንደን ሕዝብ በሌላ በኩል መሆኑ ነው። ክረምቱ ሲገባ በመላ እንግሊዝ የተካሄደ የሕዝብ ድምፅ ውጤት ተነግሮ ነበር። ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ አብዛኛው የመንግሥታት ማኅበርን ደግፏል፤ አጥቂ አገር በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይቀጣ ብሏል። የሚኒስትሩ ሥራ በሁለት በር መመላለስ ሆነ። በአንዱ በር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አለ፤ ጨዋ፣ ትሑት፣ ምንም የማይሰጥ። በሌላው በር አዳራሽ ሞልቶ የሚያጨበጭብ፣ ሽልንግ የሚያዋጣ ሕዝብ አለ። የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን በፕሪንስስ ጌት ነበር፤ ደብዳቤ፣ መዋጮ፣ እንዝመት የሚል ማመልከቻ ወደዚያ ይጎርፋል።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። መንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን አጥቂ ብሎ ማዕቀብ ጣለባት። ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይንም አልዘጋም። ታንኩን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ በገዛ ገንዘቧ ይሸጥላታል፤ ወታደሩ የሚያልፍበት ቦይ ለመርከቧ ሁሉ ክፍት ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የባሰው መጣ። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለኢጣልያ የሚሰጥ እቅድ በምስጢር አዘጋጁ። ምስጢሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ያ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆር ሥልጣን ለቀቀ። ለአንድ ሳምንት ያህል ኢትዮጵያ ለንደን ላይ ያሸነፈች መሰለ። ሚኒስትር ተለወጠ፤ ፖሊሲው ግን በዚያው ቀጠለ።

አሁን ከጦር ግንባር የሚመጣው ወሬ ለሌላ ዲፕሎማት ቁጥር ይሆን ነበር፤ ለሐኪም ግን ሌላ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ የቦምብ ናዳ ወርዶ ሆስፒታሉም አልዳነም። ታኅሣሥ ውስጥ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን አምቡላንስ ተመታ። የካቲት መጨረሻ ላይ ኮረም የሰፈረው የእንግሊዝ የሕክምና ጓድ ተደበደበ። መሬት ላይ የተዘረጋው ቀይ መስቀል ከላይ ለሚያየው ምልክት ነው፤ ለአውሮፕላኖቹ ኢላማ ሆነ። ከዚያ ደግሞ የመርዝ ጋዙ። ሰናፍጭ የሚባለው ይህ ጋዝ ቆዳን ይልጣል፣ ዓይን ያሳውራል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ጫማ የሌለው ወታደር የተረጨበት ሣር ላይ ሲራመድ ከእግሩ ይጀምረዋል። ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ እንዳትዋጋ የጄኔቫውን ፕሮቶኮል ፈርማለች። አዛዥ ወርቅነህ የዚህን ሁሉ ትርጉም በሰው ገላ ላይ ለማንበብ የተማሩ ናቸው። ለንደን ላይ ሊያደርጉ የሚችሉት ግን ማስታወሻ መጻፍ ነበር።

ኮረም ላይ የተደበደበውን የእንግሊዝ ጓድ ይመሩ የነበሩት ዶክተር ጆን ሜሊ ናቸው። ከአውሮፕላኑ ቦምብ ተርፈው አዲስ አበባ ደረሱ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከተማይቱን ሲለቁ ዝርፊያ ተነሣ። ሜሊ ቁስለኛ ሊያነሡ ወጥተው በአንድ ዘራፊ ጥይት ተመቱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ከተማይቱ በገባበት ዕለት አረፉ።

ግንቦት 26 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለንደን ደረሱ። የእንግሊዝ መንግሥት እንደ ግል እንግዳ እንጂ እንደ ንጉሥ ሊቀበላቸው አልፈለገም፤ ከጊብራልታር ወዲህ የመጡትም በጦር መርከብ ሳይሆን ከተሳፋሪ ጋር ነው። ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ላይ ግን ሕዝቡ ወጥቶ ጠበቃቸው። የተቀበሏቸው አዛዥ ወርቅነህ ናቸው። ልጅ ሆነው በእንግሊዝ ጦር የተማረኩት ሰው፣ አገሩን ላጣ ንጉሥ በእንግሊዝ ምድር ተቀባይ ሆኑ።

ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ተናገሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ማዕቀቡ ተነሣ። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣዋን ጀምራ በየሳምንቱ ትጮኻለች፤ ሌጋሲዮኑ በሩን አልዘጋም፤ ገንዘቡ ግን እየመነመነ፣ ጎብኚው እየቀነሰ ሄደ። አገሩ የተወሰደበት ሚኒስትር በዲፕሎማቶች ሰልፍ ውስጥ እስከ መቼ ይቆማል? ለዚህ የለንደን መልስ ቀስ እያለ ይመጣል።

የአዛዥ ወርቅነህ ልብ ግን በዚያን ጊዜ የተሰቀለው ወለጋ ላይ ነበር። በእንግሊዝ ያስተማሯቸው ሁለት ልጆቻቸው፣ ቢኒያምና ዮሴፍ፣ ከአገር ውስጥ አልወጡም። አዲስ አበባ ስትያዝ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣት መኮንኖችና የተማሩ ወጣቶች ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ጥቁር አንበሳ የሚባለውን ማኅበር አቁመዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች ከነሱ ጋር ገቡ። ማኅበሩ የንጉሠ ነገሥቱን እንደራሴ የራስ እምሩን መሪነት ተቀብሎ በዝናብና በረሃብ መካከል ወደ ደቡብ ተንቀሳቀሰ። ስንቁ አለቀ፤ ጥይቱ አለቀ፤ ጠላት በሁሉም በኩል ከበበ። ታኅሣሥ 1929 ላይ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ።

እጅ የሰጠ ምርኮኛ በጦር ሕግ አይገደልም። አባታቸው ሕጉን ያውቃሉ፤ ስለ ሕግ ሲከራከሩ ነው የኖሩት። ከልጅነታቸውም የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ የተማረከ ሰው በማረከው እጅ ተርፎ፣ ተምሮ፣ ሰው ሊሆን ይችላል። ለሳቸው እንዲያ ሆኗል።

ሁለት ወር አለፈ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ጠዋት የኢጣልያው ገዥ ማርሻል ግራዚያኒ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ለድሆች ምጽዋት አከፋፍላለሁ ብሎ ሕዝብ ሰበሰበ። ከሰዉ መሀል ሁለት ወጣቶች፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ ቦምብ በልብሳቸው ሸሽገው ቆመዋል። ቦምቡ ሲፈነዳ ግራዚያኒ ቆስሎ ወደቀ። ያን ዕለት የተቆጣው መንግሥት በማን ላይ እንደሚነሣ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደም፤ ከተማይቱን በሦስት ቀን እሳትና ጥይት መታት። ቀጥሎ የተማረ ወጣት ዝርዝር ይፈለግ ጀመር። የእንግሊዝኛ ትምህርት ያለው፣ ጥቁር አንበሳ የነበረ፣ አባቱ ለንደን ላይ ኢጣልያን የሚከስ።

ቢኒያምና ዮሴፍ ወርቅነህ ሦስቱንም ናቸው። ያሉትም በጠላት እጅ ነው።

(ሳምንት ይቀጥላል)